ሳምቡሳና የታችኛው ቤት ጎረቤቴ

ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ቤት ያገኘነው ሰማንያዎቹ እንደ ገቡ ነው። ባለቤቴ ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እኔ እርጉዝ ነኝ፤ ቋንቋውን አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የማናግረው ሰው የለኝም።

አንድ ቀን ከታችኛው ቤት ጥብስ ሸተተኝ። አምሮት ይሉኝታ አያውቅም፤ ደረጃውን ወርጄ አንኳኳሁ። ከሱሪናም የመጡ፣ ዘራቸው ከሕንድ የሆነ አሮጊት ከፈቱልኝ። ሆዴን አሳየኋቸውና ወደ ወጥ ቤታቸው ጠቆምኩ። ሳቁና ባለ ሦስት ማዕዘኑን ትኩስ ነገር በሳህን አመጡልኝ።

"ሳምቡሳ!" ብዬ ጮህኩ።

"ሳሞሳ" አሉኝ።

"ሳምቡሳ!"

"ሳሞሳ!" እንዲህ ስንባባል ሳቅ አሸነፈን። በዚያ አገር ከሰው ጋር የተግባባሁበት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

ምጥ ሲይዘኝ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። አዋላጇ እስክትደርስ ወገቤን እያሹ ያበረቱኝ እኚሁ ሴት ናቸው።

የልጃችን ክርስትና ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ።

"ሥጋ አትበሉም? ቅቤም?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እንቁላልና ወተትም አንበላም።"

"ታዲያ ምን ችግር አለ!" አሉና ሊጡን በዘይት አሽተው፣ ግማሹን በድንችና በአተር፣ ግማሹን እኔ እንደ ነገርኳቸው በምስርና በቃሪያ ሞልተው ጠበሱልን።

ከእንግዶቹ መካከል ሆላንድኛ አብሮኝ የሚማር ኢራናዊ ነበር። አንዱን አንሥቶ፣ "ይኼ እኮ የእኛ ነው! ድሮ በፋርስኛ ሰንቦሳግ ይባል ነበር" አለ። ስሙ ወደ ሕንድ ሲሄድ ሳሞሳ ሆነ፤ ዓረቦች ደግሞ ሰንቡሳክ አሉት፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሳምቡሳ ሆነ ብሎ፣ በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛችን አስረዳን።

አሮጊቷ ሳህኑን ወደ እንግዶቹ እያዞሩ፣ "አያቴን ሸንኮራ ልታጭድ ከሕንድ በመርከብ ሱሪናም ሲወስዷት ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልነበራትም" አሉ። "ይህን መጥበስ ግን ታውቅ ነበር። በሉ፣ ሳይበርድ ብሉ!"

ኋላ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ዴን ሃግ ከተማ ገቡ። እሑድ እሑድ በባቡር እየሄድን እንጠይቃቸው ነበር። ሊከፍቱልን ሲመጡ ልጄ፣ በሆላንድኛ አያት እንደሚባለው፣ "ኦማ መጣች!" እያለች በር ላይ ትዘላለች፤ እኔ "መጡ በዪ" እያልኩ አርማታለሁ።

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት፣ "እኔ ባልደረስኩበት የደረሱልሽን ሴት እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ" አለችኝ በስልክ። ተርጉሜ ነገርኳቸው። በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ፤ እኔም አቅፌያቸው አለቀስኩ።