የቡችላው አባት

ወይዘሮ አሰገደች ቡችላውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግራ ጆሮውን በሁለት ጣቷ ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ስትለቀው ታጥፎ ወደቀ። ቀኙንም ሞከረች፤ እሱም ወደቀ። ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ የጠጁን ጋን ከፍታ ዘጋች፣ ደጅ ወጥታ መንገዱን አየች፣ ተመልሳ መጥታ እንደገና ጆሮውን ያዘች።

"እማዬ፣ ኧረ ተይው! ያመዋል" አለች ልጇ ዘነበወርቅ።

"ዝም በይ አንቺ። የፈረንጅ ውሻ ከሆነ ጆሮው ይቆማል ብለውኛል።"

አሰገደች ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። ከቡልጋ ወልቂጤ የገባችው የስልክ ሠራተኛ የነበረውን ኃይሌን አግብታ ነው። ኃይሌ ዝምተኛ ሰው ነበር። በጅማ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠራላት፤ እሷም ጠጅና ጥብስ እየሸጠች የሹፌር ማረፊያ አደረገችው። እሷ ስትሮጥ እሱ ተቀምጦ እያየ ፈገግ ይል ነበር። ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ፤ እሷም ፈገግ ብሎ የሚያያት ሰው አጣች።

አርባው እንደወጣ የኃይሌ ወንድም ሸዋንግዛው ከቡልጋ መጣ። አልቅሶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ሲያበቃ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰሳት። "ልጅቱ የወንድሜ ልጅ አይደለችም። የወንድሜ ወራሽ እኔ ነኝ" አለ። በመጀመሪያው ቀጠሮም ችሎቱ ሙሉ ሰው እያየ ዘነበወርቅን በጣቱ ጠቆመ።

"ጌታዬ፣ አፍንጫዋን ይመልከቱልኝ! የእኛ ቤት አፍንጫ ይሄ ነው? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች!"

ሰዉ ሳቀ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበች። ከዚያን ቀን ወዲህ አሰገደች እህል አልዋጥ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት።

ከሁሉ የከፋው ሸዋንግዛው ያለው እውነት መሆኑ ነበር። አሰገደች ኃይሌን ስታገባ ከፊተኛው ባሏ አርግዛ ነበር። ሆዷ ገና አልታወቀም፤ ግን አልደበቀችውም፣ ነገረችው። ኃይሌ አቀርቅሮ ሲያዳምጣት ቆየና፣ "የሚወለደው በእኔ ቤት ነው አይደል?" ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሷም ለማንም፣ ለልጅቱም ቢሆን፣ አልተነፈሰችም። አሁን ግን ዳኛው አስምለው ቢጠይቋት ምን ልትል ነው?

ይህን ጭንቅ ይዛ ስትቅበዘበዝ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሀብተወልድ፣ ከእሷ ጠጅ ቤት የማይጠፋው ደንበኛዋ፣ ጠጋ ብሎ መከራት።

"ወይዘሮ አሰገደች፣ በባዶ እጅ ደጅ አይጠናም። እኒህ አዲሱ ዳኛ ደግሞ በግ ቢነዱላቸው፣ ማር ቢያቀርቡላቸው አይነኩም። ውሻ ግን ነፍሳቸው ነው አሉ። የፈረንጅ ውሻ።"

ይህን በሰማች በሳምንቱ፣ ከጉብሬ ወዲያ ለሚሠራው መንገድ ጠጠር የሚያመላልሰው ሹፌር አበራ ካኪ ኮቱ ውስጥ ቡችላ ሸጉጦ ገባ። "ንጹሕ የጀርመን ዘር ነው፣ እትዬ! እናቱም አባቱም ከባሕር ማዶ የመጡ፣ የፈረንጁ የመንገድ ኢንጂነር የራሱ ውሾች ናቸው" አላት። አሰገደች እግዜር የላከላት መሰላትና ያለማቅማማት ገዛችው። ዘነበወርቅም ቦቢ ብላ ስም አወጣችለት።

ሀብተወልድ ቡችላውን ባየ ጊዜ ግን ብርሌውን አስቀመጠ።

"ይሄ? ጆሮው የወደቀ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ? ዳኛው እኮ ውሻ ያውቃሉ! የተዳቀለ ብታመጪላቸው ናቀችኝ ነው የሚሉሽ።"

ከዚያ በኋላ የጠጅ ቤቱ ወሬ ሁሉ የቦቢ ዘር ሆነ። አንዱ፣ "ላንቃው ጥቁር ከሆነ አትጠራጠሪ" አላት፤ አፉን ፈልቅቃ ብታይ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ ሆኖ አረፈው። ሌላው፣ "ማጅራቱን ይዘሽ አንሺው፣ ንጹሕ ዘር አይጮኽም" አላት፤ ቦቢ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። አበራን ብትጠይቀው፣ "እናቴ ትሙት!" ብሎ ማለላትና ከዚያ ወዲያ በደጇ ሲያልፍ ጥሩምባውን እየነፋ መብረር ጀመረ፤ መቆም ተወ።

ቀጠሮው ተቃረበ። አሰገደች አላስችል አላት። ቡችላውን በነጠላ ጠቅልላ፣ አልቀርም ያለችውን ዘነበወርቅን አስከትላ፣ ወደ አገና ገበያ ጨው በጫነ መኪና ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ፣ "ገና ነው? አለፍነው እንዴ?" እያለች ሹፌሩን አስመረረችው። ከጉብሬ ወዲያ፣ እንሰቱ ተመንጥሮ ቀይ አፈር የተገለጠበት ቦታ ላይ አወረዳቸው። የመንገድ ሠሪዎቹ ድንኳኖች በሽቦ አጥር ተከበው ቆመዋል።

በሩ ላይ ዳምጤ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ አገኘች። የዚያው አገር ሰው ነው፤ አማርኛው ከጉራግኛው ጋር እየተቀላቀለ ቀስ ብሎ ይወጣል። ነጠላውን ገልጣ ብታሳየው ቡችላውን ወዲያው ለየው።

"አንተ! ደኅና ነህ?" አለው እንደ ሰው።

"እናቱን ማየት ፈልጌ ነው፣ አባባ" አለች አሰገደች።

ዳምጤ ግራ ቀኙን አይቶ አስገባቸው። ውሻይቱ ከአንድ ድንኳን ጀርባ ታስራለች። ጆሮዋ እንደ ጦር የቆመ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ በእውነትም የሰው አገር ውሻ ናት። አሰገደች ደስታ ወረራት። ቡችላውን አውርዳ ከእናቱ አጠገብ አቆመችውና ጆሮ ከጆሮ፣ ጅራት ከጅራት፣ እግር ከእግር ታስተያይ ጀመር። ውሻይቱ ግን ይህን አላየችም፤ ቡችላዋን አሽትታ ጣለችውና ሆዱን ትልሰው ያዘች።

"አባትየውስ የታለ?"

ዳምጤ ሳቀ። "ያን ማን ያውቃል፣ እሜቴ? ወንዱ የፈረንጅ ውሻ ከሞተ ቆየ። ይቺ ወንድ በፈለገች ሰሞን ሰንሰለቱን በጥሳ ጠፋች። ሰንብታ መጣች። እስከ አገና ድረስ ያለ ውሻ ሁሉ አባቱ ሊሆን ይችላል።"

"አበራ ንጹሕ ዘር ነው ብሎኝ..."

"አበራ ሹፌር ነው" አለ ዳምጤ፣ ሌላ ማስረዳት እንደማያሻው ሁሉ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢንጂነሩ ቡችሎቹን አያቸው። አፋቸውን ከፈተ፣ ጆሯቸውን ጎተተ። ዘራቸው የተበላሸ ነው፣ ወንዝ ጨምራቸው አለኝ። ሌሎቹን ጨመርኳቸው፤ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው። ይሄን ግን እጄ እንቢ አለኝ። ለአበራ ሰጠሁት፤ ውሰደው፣ ይኑር ብዬ።"

አሰገደች እጇ የቡችላውን ከንፈር ገልጦ እንደያዘ ቀረ። ጥርሱን ልታይ ነበር። አፍንጫዋን ይመልከቱልኝ ያለው የሸዋንግዛው ጣት ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ቀና ብትል ዘነበወርቅ ቆማ ዘበኛውን ታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማዬ፣ ለዳኛው አትስጪው። ንጹሕ አይደለም ብለው ወንዝ ይጨምሩታል።"

አሰገደች ቡችላውን ከእናቱ ሆድ ሥር አነሣችና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ለዳምጤ እንኳ በቅጡ ሳትሰናበት ወጣች። የሚመለስ መኪና እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር ወዲያና ወዲህ እያለች አቧራውን ስታቦን ዋለች።

ወልቂጤ ሲደርሱ ሀብተወልድ ይጠብቃት ነበር። የሆነውን ስትነግረው ትንሽ አሰበና፣ "ግዴለም፣ እናቱ ንጹሕ ከሆነች ይበቃል" አላት። "ጆሮውን በሙጫ አቁመን እንሰጣቸዋለን። የተዳቀለ መሆኑ የሚታወቀው ሲያድግ ነው፤ ያን ጊዜ ፍርዱ ተሰጥቷል።"

"አልሰጥም፣ ጋሽ ሀብተወልድ።"

"ምን ነካሽ? ቤቱን ትነጠቂያለሽ እኮ!"

"ልነጠቅ" አለች፤ ግን የያዘችው ብርሌ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

በቀጠሮው ቀን በባዶ እጇ ሄደች። ከችሎቱ በር ውጭ ስትንቆራጠጥ ፖሊሱ ሁለቴ "አንቺ ሴትዮ፣ ቁሚ!" አላት። ስሟ ተጠርቶ ገባች። ዳኛው ግን እሷን ሳይሆን ሸዋንግዛውን ነበር የጠየቁት።

"ሟች በሕይወት ሳለ ልጅቱን ልጄ አይደለችም ብሎ ያውቃል?"

"አላለም፣ ጌታዬ። ግን አፍንጫዋ..."

"አፍንጫ አልጠየቅሁህም። የተወለደችው ከተጋቡ በኋላ ነው ወይስ በፊት?"

"በኋላ ነው።"

"እንግዲህ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ወንድምህ ያልካደውን አንተ ልትክድለት አትችልም።"

አለቀ። ማንም አላስማላትም፤ ያን ሁሉ ሰሞን በልቧ ስትለማመድ የከረመችውን ሐሰትም እውነትም ማንም አልጠየቃትም። ዳኛው በእርግጥ ውሻ ይወዱ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ቀረች። ወጥታ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ዘነበወርቅ እናቷ የታመመች መሰላት፤ ተቀምጣ አይታት አታውቅምና።

ሸዋንግዛው ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ፤ እዚያም ተረታ። አገሩ ሊገባ ሲነሣ ገንዘቡ ሁሉ በክርክሩ አልቆ፣ ጫማው ተቀዶ ነበር። አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት አፍሮ እያቀረቀረ ከአሰገደች ቤት ገባ። ሌላ የሚያውቀው ቤት በከተማው አልነበረውም።

አሰገደች ጥብስ አቀረበችለት። ዘነበወርቅ ውሃ ይዛ መጥታ እጁን አስታጠበችው። ልጅቱ ኃይሌ እንዳስለመዳት ዝም ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ውሃውን ቀስ እያለች ታፈሳለች። ሸዋንግዛው እጁን መታጠቡን ረስቶ ትክ ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"በስመ አብ!" አለ። "አኳኋኗ ቁርጥ ወንድሜን ነው እኮ! እኔ ምን ጋርዶኝ ነው?"

አሰገደች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣ ዞር አለችና ጓዳ ገባች። እዚያም መቆም ስላቃታት በጓሮ በር ወጥታ፣ ቦቢ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተላት፣ ግቢውን ትዞር ጀመር።