ጠላቱን ውሃ ያጠጣው ካውቦይ

ዛሬ እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ የካውቦይ ፊልም መጣ። ፈረሱንና አቧራውን ሳይ ጎንደር ያለው፣ ላብ ላብ የሚሸተው ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባዬ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ካውቦዩ ቆስሎ የወደቀ ጠላቱን ከኮዳው ውሃ ሲያጠጣው ጎረምሶቹ "ግደለው እንጂ፣ አንተ ፈሪ!" ብለው ጮኹ። አባዬ ግን ክንዴን ያዝ አድርጎ "አየሽ ልጄ፣ ጠላትህን ውደድ ማለት ይኸው ነው" አለኝ። እንባው ይወርድ ነበር።

እዚህ መጥቼ ወደ አይሁድ እምነት ስገባ የአንገቴን ማተብ በጠስኩ። አባዬ ይህን ሲሰማ "ከእንግዲህ ልጅ የለኝም" አለ።

"ኢማ፣ ለካውቦይ ደግሞ ይለቀሳል እንዴ?" አለችኝ ልጄ እየሳቀች።

"አያትሽ ይወደው ነበር።"

"ታዲያ ደውዪለታ!"

በየፋሲካው እደውላለሁ። ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።