ሥራዋን የወሰዱባት ጊዜ

ያን ስልክ ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ነኝ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ምርምር የሚጀምሩ ወጣት ሐኪሞችን አማክራለሁ። በዚያ ዓመት ከደረሱኝ አንዷ ከጋምቤላ የመጣች፣ ጅማ የተማረች ልጅ ነበረች። ኦሮምኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ በአማርኛ ግን አንዳንዴ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች።

ኩላሊታቸው ፕሮቲን እያፈሰሰ ፊታቸውና እግራቸው የሚያብጥ ሕፃናት አሉ። መድኃኒት ሲጀምሩ እብጠቱ ይጎድላል፤ ከዚያ ብዙዎቹ ይጠፉብናል። የሚመለሱት ብሶባቸው ነው። እኛ «ወላጆቹ ቸልተኞች ናቸው» ብለን ዘግተነው ነበር። እሷ ግን ክረምቱን በሙሉ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እስከ እንጦጦ ጥግ ድረስ በጭቃ እየወጣች የጠፉትን ልጆች ቤት ለቤት ፈለገቻቸው። እናቶቹ ቸልተኞች አልነበሩም። እብጠቱ ሲጠፋ ልጁ የዳነ መስሏቸው ነው መድኃኒቱን ያቆሙት። በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ሥራዋ መገናኛ አካባቢ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ፣ የውጭ እንግዶች ባሉበት እንዲቀርብ ተመረጠ። ቀኑ ሲቃረብ የክፍላችን ኃላፊ ደወሉልኝ።

«ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን አማርኛዋ... ሌላ ሰው ቢያቀርበው ይሻላል።»

«ፕሮፌሰር፣ ጉባኤው እኮ በእንግሊዝኛ ነው!»

ወዲያው ምክንያታቸውን ቀየሩ። «ለክፍሉ ገጽታም ማሰብ አለብን።»

የምን ገጽታ? ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ጮኽኩባቸው። «ነገሩን በስሜት አትያዢው» አሉኝ፤ «ራሴ አቀርበዋለሁ።»

ለእሷ መንገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ሲግናል ሰፈር አንዲት ካፌ ተቀምጠን ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ዶክተር፣ ይተዉት። ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ከሰውዬው ንግግር ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው።

«እንዳትለምጂው!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ትመጫለሽ፤ ከፊት ትቀመጫለሽ።»

መጣች። ኃላፊው አቀረቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ መረጃ በመሰብሰብ ለተባበሩ ሰዎች ከቀረበው ምስጋና ሥር፣ ስሟ በትንንሽ ፊደል ሰፍሯል። አንዲት እንግዳ ሐኪም፣ እናቶቹ ራሳቸው ምን ቢነገራቸው ይመርጡ እንደነበር ጠየቀች። እሳቸው ስለ ትምህርት ደረጃ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመሩ። አላስቻለኝም፤ ተነሳሁ።

«ይህን ሥራ የሠራችው እዚሁ አለች። እሷ ትመልስ።»

ለአፍታ የማትነሳ መስሎኝ ፈራሁ። ተነሳች። በእንግሊዝኛ ረጋ ብላ መለሰች። አንዲት እናት «እብጠቱ ሲጎድል በሽታው ተደበቀ እንጂ አልሄደም በሉን፤ ያኔ ማን ያቆማል?» እንዳለቻት ተናገረች። ሌሎቹ ያሏትንም አስከተለች። ጠያቂዋ ጎንበስ ብላ ትጽፍ ነበር። ኃላፊው ወለል ወለሉን ያያሉ።

ከወራት ጭቅጭቅ በኋላ የጥናቱ ጽሑፍ ሲታተም የእሷ ስም ከሁሉም ቀደመ። እኔን ከአማካሪዎች ኮሚቴ አወጡኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እሷ አሁን አገሯ ጋምቤላ ገብታ ኩላሊታቸው የታመመ ሕፃናትን ትከታተላለች። ሲቸግራት ትደውልልኛለች።

ጓደኞቼ «አሸነፍሽ እኮ» ይሉኛል። ምኑን ነው ያሸነፍኩት? ያን ሁሉ የጮኽኩት የራሷን ሥራ ለራሷ ለማስመለስ ነው።