የጋሽ ገሠሠ ጀልባና የእኔ ስቱኮ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላ ሰው ሲያወራው «ልጆቹ ተሳስተው ነው» እያለ ያድበሰብሰዋል፤ እኔ ማድበስበስ አልወድም። ሃያ ዓመት በባትላሜራነት ኖሬያለሁ። የተጨማደደ መኪና አቃንቼ፣ ስቱኮ ለስኜ፣ ፈግፍጌ፣ ቀለም እቀባለሁ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካርቱም፣ አሁን ደግሞ እዚህ አትላንታ ዳር፣ ማሪዬታ። በእጄ ያለፈ መኪና የቱ ጋ እንደተጋጨ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። ጋሽ ገሠሠን ጉድ ሊሠራቸው የነበረውም ይኸው ኩራቴ ነው።

ጋሽ ገሠሠ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ምፅዋ ላይ የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ አገሩ ሲናወጥ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ከዚያ በስደተኛ ወረቀት አትላንታ ገቡ። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ቦይለርና ማሞቂያ ይጠብቃሉ። ዝምተኛ ናቸው። አስር ሰው በተሰበሰበበት ከተናገሩ፣ ወይ ሰላምታ ነው ወይ «ጨው አቀብለኝ» ነው።

ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት ደግሞ ተጫዋች ናቸው፣ ግን አንድ ቂም ነበረባቸው። ሰውዬው ባሕር ላይ በነበሩ ጊዜ አዲስ አበባ ሆነው ጠበቁ፤ የመን ሲሄዱ ጠበቁ፤ አትላንታ ከገቡ በኋላም ወረቀቱ እስኪያልቅ አራት ዓመት ጠበቁ። በ1983 እዚሁ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን መጥተው አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረው መኖር ሲጀምሩ፣ «በቃ፣ ከእንግዲህ ባሕር የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ» አሉ።

በዓመቱ ጋሽ ገሠሠ ጀልባ ገዙ።

እንዲያው ምን ይባላል? አትላንታ እኮ ባሕር የላትም። ባሕሩ አምስት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ጀልባው እዚያ ባሕር ዳር፣ ብራንስዊክ ከተማ፣ ሽሪምፕ ሲያጠምድ የኖረ፣ ትሮለር የሚሉት መረብ ጎታች ነው፤ ሠላሳ ስድስት ጫማ፣ ከላይ እስከ ታች እንጨት፣ ዕድሜው ከእኔ የሚተናነስ አይደለም። በሎቤድ መኪና አስጭነው አትላንታ ዳር ወዳለችው ኖርክሮስ አመጡትና ከአንድ መጋዘን ጀርባ በኪራይ ቦታ አቆሙት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። «ጋሽ ገሠሠ፣ በ285 አውራ ጎዳና ሊነዱት ነው?» ስላቸው ፈገግ አሉ።

ሐሳባቸውን የነገሩኝ ቆይተው ነው። ጀልባውን አድሰው፣ ውስጡ መኝታና ኩሽና ሠርተው፣ ከብራንስዊክ ተነስተው የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ፍሎሪዳ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ባሃማስ ደሴቶች መሄድ ፈለጉ። ብቻቸውን አይደለም፣ ከእትዬ የሺ ጋር። «ዕድሜዋን ሙሉ እኔ ስሄድ እሷ ትቀራለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አብረን እንሂድ» አሉኝ። እንደዚያ ብዙ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

እትዬ የሺ ግን ወይ ፍንክች። አራት ዓመት ሙሉ ያን ግቢ አልረገጡም። ሰውዬው ከሥራ መልስ እዚያ ይሄዳሉ፤ ቀለሙን ይፍቃሉ፤ የበሰበሰውን ሳንቃ አውጥተው በአዲስ ይተካሉ፤ ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈትተው ይገጥማሉ። ያ የናፍጣ ሞተር መጀመሪያ የተነሳ ቀን ጭሱ ሰማዩን አጠቆረው፤ ጋሽ ገሠሠ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ሲያዳምጡ ነበር። ቤት ሄደው ለሚስታቸው ሲነግሯቸው፣ «እራትህ ቀዝቅዟል» አሏቸው።

እንዲህ እያለ 1988 ገባ። የግቢው ባለቤት ቦታውን ስለሸጠው ጀልባው እስከ ሰኔ ወር ማለቂያ እንዲወጣ ተባለ። ጋሽ ገሠሠ ሎቤዱንና ክሬኑን ቀጠሩ። በዚህ መሐል ፋሲካ ዋለ፤ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እትዬ የሺ እኔ ቤት ስልክ ደወሉ።

«ተክሌ፣ ይሄ ሰውዬ ብቻውን እየለፋ ሊያልቅብኝ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ኦቨርታይም ይገባል። ሳያውቅ ደቦ ጠርቼ ጀልባውን ልጨርስለት።»

«እርስዎ? ለጀልባው?»

«አዎ፣ እኔ። አብሬው ልሄድለት ነው መሰለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለው ሳቁ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ቅዳሜ ዕለት ሃያ ሁለት ሰው ኖርክሮስ ወጣን። ነርሷ፣ ፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ታክሲ ነጂው፣ ሁሉም መፋቂያና ብሩሹን ይዞ መጣ። እትዬ የሺ ሻሻቸውን አስረው፣ በግ ወጡን በትልቅ ድስት አስጭነው፣ ግቢውን በሳቅ ሞሉት። እኔ ደግሞ ባለሙያው እኔ ነኝና ጀልባውን ዞሬ አየሁት። ሞተሩ አልቋል፣ ውስጡ አምሯል፤ ሆዱ ላይ ግን በሳንቃና በሳንቃ መካከል ከላይ እስከ ታች ክፍተት አለ። ጋሽ ገሠሠ ወደ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀውበት ከላዩ ክፍት ትተውታል። አይ፣ ሽማግሌው ደክሟቸዋል ብዬ አዘንኩ።

ከሥራ ቦታዬ ስድስት ቆርቆሮ የመኪና ስቱኮ ይዤ ነበር። ያንን እያቦካሁ፣ ሃያ ሁለቱን ሰው እያዘዝኩ፣ «እዚህ ጋ ሙላ፣ እዚያ ጋ ጫን አድርግ» እያልኩ ክፍተቱን አንድ ሳላስቀር ደፈንኩት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ነጭ ቀለም ስንቀባው መስታወት መሰለ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ማታ አካባቢ ጋሽ ገሠሠ ከሥራ ሲመለሱ እትዬ የሺ እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ የእትዬ አፍንጫ ላይ ሳይቀር ነጭ ቀለም ነበረ። ሰውዬው ጀልባውን አንድ ጊዜ ዞሩት። እጃቸውን ሳንቃው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ «እጃችሁ ይባረክ» ብለው ሁላችንንም አንድ በአንድ ሳሙን፣ ከእኛም ጋር ቁጭ ብለው በሉ። ዝምተኛ ናቸው ብያችኋለሁ፤ ማን ምን ይጠርጥር?

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ሥራ ቀደም ብዬ ስለወጣሁ፣ የተረፈኝን ማሳመሪያ ቀለም ልሰጣቸው ወደ ኖርክሮስ ነዳሁ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ የመሮ ድምፅ ሰማሁ። በአጥሩ በኩል፣ ከመንገድ በማይታየው ጎን ዞሬ ባይ፣ ጋሽ ገሠሠ መሮና መዶሻ ይዘው ስቱኮዬን እየፈነቀሉ ነው።

ደሜ ፈላ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ። «ምንም፣ ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«የእኔን ሥራ? ካልወደዱት ያን ቀን አይናገሩም ነበር? ያ ሁሉ ሰው ቅዳሜውን ትቶ መጥቶ! እኔስ ደህና፣ ባለቤትዎን አያከብሩም?» አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ከዚህም የባሰ ተናግሬያለሁ።

ባልዲ ደፍተው አስቀመጡኝ። «ተክሌ፣ መኪና አያብጥም» አሉኝ። «እንጨት ግን ያብጣል። ይሄ ሳንቃ አራት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሞ ኮስሷል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠጥቶ ያብጣል፣ ክፍተቱንም ራሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከጥጡ በላይ የሚሞላው ሲጫኑት የሚሸሽ ለስላሳ ማሸጊያ ነው። ያንተ ስቱኮ ድንጋይ ነው። እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ካጣ ሚስማሩን ይነቅላል፣ የጀልባውን ጎድን ይሰብራል። የሺን ይዤ ልሰምጥ ነው።»

ሃያ ዓመት የሠራሁበት እጄ ከበደኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ለፍታችሁ አበላሻችሁብኝ ልበል?» አሉ። «የሺ ያን ቀን ስትስቅ አይተሃታል። ጥፋት መሆኑን ከሰማች እግሯ ዳግመኛ እዚህ አይረግጥም። ይታየኛል።»

ለካስ ሥራውን ያቀዱት ማንም እንዳያውቀው አድርገው ነው። አንዱን መስመር ፈንቅለው፣ ለስላሳውን ሞልተው፣ ከላይ ያንኑ ነጭ ቀለም መልሰው ይቀባሉ፤ ያየ ሰው የእኛ ሥራ ነው የሚለው። በሁለቱም ጎን ሠላሳ ስድስት መስመር አለ፣ ያለቀው ዘጠኙ ብቻ ነው። በዚያ አካሄድ እስከ ሰኔ እንደማይደርሱ እሳቸውም ያውቁታል። ሌላ መሮ አነሳሁና አጠገባቸው ቆሜ የገዛ ሥራዬን መፈንቀል ጀመርኩ። የእኔ ስቱኮ እኮ ቀላል አይደለም፤ ያን ቀን ጥንካሬውን ረገምኩት።

በየቀኑ ከሥራ በኋላ እየተገናኘን ፈነቀልን። በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን፤ እትዬ የሺ ምሳ ዕቃ ይዘው መጡ። ቦይለር የሚጠብቅ ባል ፀጉሩ ዱቄት ለብሶ ቤት ሲመጣ ስንት ቀን ዝም ይሏል? ሁለታችንም እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጥተን ነበር።

ጀልባውን አዩት። የተፈነቀለው ክፍተት ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። መሬት ላይ የተከመረውን ስብርባሪ አዩ።

«ስንት ቀን ሆነህ?» አሏቸው።

«ሦስት ሳምንት» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ ቀና ሳይሉ።

«እትዬ የሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ገባሁና ስለ ሳንቃው፣ ስለ ውሃው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሳቸው የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም።

«ምፅዋም እንዲህ ነበርክ» አሉ። «መርከባችሁ በተመታ ጊዜ እንኳ ደህና ነኝ ብለህ ጻፍክልኝ። የመን ታመህ ተኝተህ ደህና ነኝ አልክ። ክፉ ክፉውን ለብቻህ ትይዛለህ፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ደህና ነው እላለሁ። ጀልባው ቢበላሽ ይበላሽ፤ አሁንም እንደ እንግዳ የምትደብቀኝ ከሆነ ግን አብሬህ ምን ልሁን ነው የምሄደው?»

ምሳ ዕቃውን ባልዲው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ጋሽ ገሠሠ መሮውን ጣሉት። «አለቀ» አሉ። አንጀቴን በሉት።

በነጋታው ዓርብ ስልኬ ጮኸ። እትዬ የሺ ናቸው፤ ድምፃቸው የሰርግ ጠሪ ይመስላል። «ተክሌ፣ ነገ ጠዋት ኖርክሮስ። መሮ ያለህን ሁሉ አምጣ። አበላሽተነዋል፣ ራሳችን እናወጣዋለን ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በአንድ ስልክ ገደል ከተቱት። ቅዳሜ ሃያ ሁለቱም መጡ፣ አንድ የቀረ የለም። ጋሽ ገሠሠ ሲያዩን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። ሰው ግን ማን ተቀየመ? እኔን መቀለጃ አደረጉኝ እንጂ። ነርሷ አረጋሽ «ተክሌ፣ ጥርሴ ተቦርቡሯል፣ ትደፍንልኛለህ?» አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተሳቀብኝ፣ እኔም ይገባኛል ብዬ ቻልኩት። ጋሽ ገሠሠ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ፣ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ሲሉ ዋሉ። አራት ዓመት ያልተናገሩትን ያን ቀን ተናገሩት። እትዬ የሺ ከኋላቸው ለስላሳውን ማሸጊያ እየሞሉ ይከተሏቸው ነበር። በሁለት ቅዳሜ አለቀ።

በሰኔ አጋማሽ ብራንስዊክ ወረድን። ክሬኑ ጀልባውን አንስቶ ውሃው ላይ አሳረፈው። ጥቂት ቆይቶ በየመጋጠሚያው ውሃ ወደ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የእኛ ሰዎች ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋሽ ገሠሠ ግን ፓምፑን አስነስተው ተረጋግተዋል። «እየጠጣ ነው» አሉ። «ሁለት ሦስት ቀን ይጠጣል፣ ከዚያ ይገጥማል።»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የሺ፣ ውሃ እያስገባ መሆኑን እንዳልደብቅሽ። አንቺ ሞቴሉ ውስጥ ቆዪ፣ ሲገጥም እጠራሻለሁ።»

«ስትጠራኝ ስጠብቅ አረጀሁ እኮ» አሉ እትዬ የሺ። ጫማቸውን አውልቀው ለእኔ አቀበሉኝና፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ። ውስጥ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ደረሰ።

«ባልዲው የታለ?» አሉ።

ጋሽ ገሠሠ እንባቸው እየወረደ በእጃቸው ብቻ አመለከቷቸው፣ ከዚያ ሌላ ባልዲ አንስተው አጠገባቸው ጎንበስ አሉ። እኛ ዳር ቆመን፣ ሁለት አዛውንቶች ባዶ እግራቸውን ውሃ ሲቀዱና ሲደፉ፣ እየተነጋገሩም ሲስቁ እስኪመሽ አየናቸው። የእትዬ የሺን ጫማ ተሸክሜ መመለሴ ትዝ ያለኝ ሦስት ሰዓት ነድቼ ሜከን ከተማ ደርሼ ቤንዚን ስቀዳ ነው።