ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይዞር የበየድሁት መትረየስ

ሥራ የገባሁ ዕለት ካቦው ካቻቪቴ አምጣ አለኝ፤ መዶሻ ወሰድሁለት። ፒንሳ አምጣ አለኝ፤ ያንኑ መዶሻ ወልውዬ መልሼ አቀረብሁለት። ጎንደር ከተማ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ጋራዥ፣ የብረት ሰው መሆኔ እንዲህ ተጀመረ። ካቦው ቆም ብሎ አየኝና አገሬን ጠየቀኝ። ድብ ባሕር አልሁት። ኋላ የመርከብ ሥራ የተሰጠኝ በዚህ መልሴ ነው እያሉ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ያሙኛል። ድብ ባሕር ግን ባሕር የለም፤ ያለው ገብስ ነው።

ውሎ አድሮ ብየዳ ተማርሁ። የፊት ጥርሴ የጎደለው ያን ጊዜ ነው። ጦር ሜዳ ነው የሚሉ ልጆች አሉኝ፤ አላርማቸውም። እናንተ ግን የሙያ ልጆች ናችሁና እውነቱን እወቁት፤ የገዛ መዶሻዬ ነው።

አንድ ቀን የጋራዡ አዛዥ ሻምበል ጠራኝ። ጎርጎራ ወደብ ላይ ጣሊያን የተወው የሞተር ጀልባ አለ፤ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ከአየር ጥቃት የሚከላከልበት መሣሪያ ይተከልበት ተባለ። በጣና ላይ በአውሮፕላን ማን ይመጣብናል ብዬ መጠየቄ አልቀረም፤ "ጠላት" አለኝ። በጀቱስ ብል፣ "አለ እንጂ። አንተ ነህ" አለኝ።

ከወዳደቀ ብረት መካከል አንድ ፀረ አውሮፕላን መትረየስ አገኘን። ዝገቱን አራገፍን። መዞሪያውን ከሞተ ማኪና የኋላ እግር ፈትቼ፣ የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ እንዳለ አቁሜ፣ በጀልባው ፊት ለፊት በብሎን አሰርሁት። መቀመጫውም የዚያው ማኪና ወንበር ነው። ግራሶ ሲያልቅብን ሞራ ቀባነው፤ የጎርጎራ ውሾች መትረየሱን ሲልሱ ይውሉ ጀመር። ጥይት ለልምምድ አይባክንም ስለተባለ አልተሰጠንም።

ሥራውን እንዲያይልን አንድ የፈረንጅ የባሕር ኃይል መኮንን መጣ። ረጅም ነው፤ ፊቱ በፀሐይ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሻምበሉ እያስተረጎመ አጫወተን። በአገሩ ፍሪጌት የሚሉት፣ ሌሎቹን መርከቦች አጅቦ የሚሄድ የጦር መርከብ አለ። መኮንኑ ከዓለም ጦርነቱ በኋላ በፍሪጌቶቹ ላይ የአውሮፕላን መከላከያ መድፍ ሲተክል ኖሯል። መንግሥታቸው ግን ትእዛዝ እንጂ ገንዘብ አልነበረውምና፣ ከተሰበረ መርከብ ነቅለው በደኅናው ላይ ይተክሉ ነበር። አንዱ መድፍ ቢከብዳቸው መርከቡ እንዳያጋድል የወጥ ቤቱን ምድጃ አውጥተው ጣሉ፤ መርከበኛው ቀዝቃዛ ምግብ እየበላ ሰማይ ሲጠብቅ ከረመ። ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ችግር ባሕር ማዶም ሸጋ ቤት ሠርቶ ይኖራል ማለት ነው።

ሻምበሉ ፈተናውን ነገረኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚመጣው አውሮፕላን በሐይቁ ላይ ሲያልፍ መትረየሱ እየዞረ ይከተለዋል። ከተከተለው ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልተከተለው ድብ ባሕር፣ ከገብሱ ጋር።

ቋሚነቱ ለኔ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ከወደቡ በላይ በኮረብታው ላይ ያለውን ደብር የሚያገለግሉት መምሬ አድማሱ፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው፣ የዕለት ሠራተኛ ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም፤ ቋሚ ይሁንና ይምጣ ብለው መልሰዋቸዋል።

ከፈተናው በፊት መትረየሱን ዙሪያውን ሳሽከረክር መምሬ ጥላቸውን ይዘው ከዳር ቆመው ያዩኝ ኖሯል።

"ምነው ልጄ፣ ይኸ ብረት ወደ ታቦቱም ይዞራል?"

"ጥይት የለውም አባቴ።"

"አፈሙዝ አለው። ወደ ታቦት አፈሙዝ ላዞረ ሰው ልጅ አልሰጥም፤ ቋሚም ቢሆን።"

"አባቴ፣ በጣና ዙሪያ ታቦት የሌለበት ወዴት አለ?"

ጥላቸውን ወደ ኮረብታው ቀሰሩ። "የሌሎቹን የየራሳቸው ካህናት ይጠይቁህ። አንተ የኔን አስከብር።"

ዕለቱን ብየዳዬን አነሣሁ። ጀልባው ፊቱን ወደ ውሃው፣ ጀርባውን ወደ ኮረብታው ሰጥቶ ታስሯል። በአንድ ዓይኔ ደብሩን አነጣጥሬ ከግራና ከቀኙ አንድ አንድ የብረት ማገጃ በየድሁ። መትረየሱ ወደ ኋላ ሲዞር ማገጃው ላይ ቋ ብሎ ይቆማል። መምሬ መጥተው በእጃቸው ገፉት፤ እምቢ አላቸው። ባረኩኝ። እኔም በጥበቤ ተደንቄ አደርሁ።

በፈተናው ቀን ሻምበሉ ከኋላዬ ካለው የነጂው ጎጆ፣ መኮንኑ ከአጠገቤ፣ እኔ ከማኪናው ወንበር ላይ ሆነን ወደ ሐይቁ ውስጥ ገባን። መምሬ ከደብሩ ቅጥር በር ላይ ቆመዋል። አውሮፕላኑ ከደቡብ ሲሰማ ነጂው ጀልባውን አዙሮ ፊቱን ወደ ወደቡ መለሰ።

ገበሬ ነኝና ማሳ ሲዞር አይቼ አላውቅም። ጀልባ ሲዞር ማገጃዬም አብሮ እንደሚዞር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ከኋላችን መጣ፤ መትረየሱን ወደ ኋላ ብገፋው ቋ አለ። በሌላው በኩል ብገፋው ቋ። ቋሚነቴ ሄደ። አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ብረቱ እንደ ቅቤ ለሰለሰልኝና ተከተልሁት፤ ተከተልሁት፤ ቀና ስል አፈሙዙ በኮረብታው ላይ፣ በመምሬ ጥላ ላይ አርፏል። ትርንጎም ሄደች።

መኮንኑ ጎንበስ ብሎ ማገጃዎቹን ደባበሰ። አፈሙዙን ወደ ኋላ እስኪያግደው ገፋና፣ ቢዞር ኖሮ የሚያርፍበትን በጣቱ አሳየን፤ ሻምበሉ የቆመበትን ጎጆ። ለካስ ማገጃውን ስበይድ በኔና በደብሩ መካከል የነበረው ጎጆው ኖሯል። ሻምበሉ ከጎጆው ወጥቶ አስተረጎመ።

"በኛ ፍሪጌት ላይ አውሮፕላን ሲያሳድድ ተኳሹ የራሱን ሰው እንዳይመታ መጀመሪያ የምናበጀው ይህን ነው ይላል። ማን አስተማረው ይላል።"

"መምሬ አድማሱ" አልሁ።

ሻምበሉ ይህን አላስተረጎመም። ጎጆውን ዞር ብሎ አየና ቋሚነቴን እዚያው ጀልባው ላይ ነገረኝ።

የቀረው መምሬ ናቸው። ኮረብታውን ወጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁና፣ እኔ በታሰረ ጀልባ መለካቴን፣ ጀልባው ግን መዞሩን አስረዳሁ። መምሬ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ጀልባው አዩ።

"አፈሙዙን ያዞረው ጀልባው ነው በለኛ።"

"ጀልባው ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲህ ጀልባው ልጄን አልጠየቀኝም" አሉ። ትርንጎን ሰጡኝ፤ የደብሩን የብረት በር እንድበይድ ግን አዘዙኝ፤ በሩ ሲዞር አይታችሁት እንደሆነ ማገጃው የኔ ነው።

ከሥራው ያተረፍሁት ትምህርት ይህ ነው፤ መርከብ ላይ መሣሪያ የሚተክል ሰው የሚለካው ከመርከቡ ነው እንጂ ከዳር አይደለም። መርከብ ይዞራል።