እናቴ ክኒኔን ለስለት ስትወስድ

ልብስ ሰፊ ሲከሳ መጀመሪያ የሚያውቀው በሱሪው ነው። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ ተቀምጬ ሱሪዎቼን ሳጠብብ፣ ደግሜ ሳጠብብ፣ በመጨረሻ የአንዱ የኋላ ኪሶች ተገናኙ። ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው "ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ክር ልትሆን ነው!" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ሳሉ ሲበረታ ግን ሳቁ ቀረና ሆስፒታል ሄድኩ፤ ኤች አይ ቪ በደሜ እንዳለ፣ ሳንባ ነቀርሳም እንደያዘኝ ተነገረኝ።

ሲስተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ቫይረሱ የሚያጠቃው ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸውን ነው። እነሱ ሲመናመኑ ሌላው በሽታ ያለ ከልካይ ይገባል፤ ሳንባ ነቀርሳውም የገባው እንደዚያ ነው። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ እንጂ ያን ቀን የገባኝ መሞቴ ብቻ ነበር።

አልሞትኩም። እናቴ ከቆላው ቀበሌያችን መጥታ አስታመመችኝ፣ ለማርያምም በግ ተሳለች። የሳንባ ነቀርሳውን መድኃኒት ጨረስኩ፤ የቫይረሱን ክኒን በየምሽቱ መዋጥ ቀጠልኩ። ሰውነቴ ሲመለስ ሱሪዎቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ትርፉን ጨርቅ የማልቆርጥ ቆጣቢ በመሆኔ ኮራሁ። ኪሶቹ የተገናኙትን ግን ለማስታወሻ ተውኩት።

ሰሞኑን ደግሞ ሲስተሯ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ መቀነሱን ነገረችኝ። "ክኒኑን ካቋረጥክ ግን ይመለሳል" አለች። ለእናቴ ደወልኩላት። የምሥራቹን ስትሰማ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ስለ ማቋረጡ የነገርኳት ሁሉ እዚያው እልልታ ውስጥ ቀረ።

ብዙም ሳትቆይ በጉን እየጎተተች ከተፍ አለች። አድራ፣ በማግስቱ ስነቃ እሷም የለች፣ በጉም የለ፣ የክኒን ብልቃጤም ከመደርደሪያው የለም። ወዲያው ገባኝ። በጠበል ቦታችን የተፈወሰ ሰው ክራንቹን ወይም ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነው የሚሄድ። እናቴም ክኒኔን ከክራንቾቹ አጠገብ ልታስቀምጥ ነው!

ፈራሁ። ብልቃጥ ቢጠፋ ሌላ አይታጣም፤ የፈራሁት እሷን ነው። አንዴ ክኒን መዋጥ ማርያምን ማሳፈር ነው ካለች በየቀኑ ትለምነኛለች፣ እኔ ደግሞ እናቴን እምቢ ማለት አልችልበትም። ወደ ጠበሉ ሮጥኩ።

ያዳነኝ በጉ ነው። ከጠበሉ በፊት ያለችውን ወንዝ አልሻገርም ብሎ አራት እግሩን ተክሎ ቆሟል፤ እናቴ ትጎትታለች፣ ትሰድበዋለች።

"እማዬ፣ ክኒኔን!"

"ምን ያደርግልሃል? ሰው ከዳነ በኋላ ክራንቹን ይዞ ይዞራል? እመቤቴ ምን ትለኛለች?"

ስለ ነጭ የደም ሴል ጀመርኩላት። ፊቷን አየሁና ተውኩት። እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ማሽላ መሃል በቆመ ማማ ላይ፣ ወንጭፍ ይዛ ዝንጀሮ ስትጠብቅ ነው።

"ማማ ላይ ያለው ጠባቂ ቢታመምስ?" አልኳት።

"ማሽላውን ዝንጀሮ ይጨርሰዋላ!"

"የእኔም እንደዚያ ነው። ይኼ በሽታ ጠባቂዬን ነው የጣለው፤ ሳንባ ነቀርሳው ያኔ ገባ። ክኒኑ በሽታውን ከጠባቂዬ ላይ አባረረው፣ ጠባቂዬም ተነሳ። በሽታው ግን አልሞተም፤ ሰውነቴ ውስጥ ተደብቋል።"

ገመዱን ላላ አደረገችው። "እንደ ዝንጀሮው ገደል ገብቶ ነው?"

"ገደል ገብቶ።"

እንደ ልጅነቷ ጮኸችብኝ፦ "ታዲያ ዛሬ ዝንጀሮ አልታየም ተብሎ ከማማ ይወረዳል?! እኛ ስንወርድ አይደል እሱ የሚመጣ!" ብልቃጡን ከብብቷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጥፋ አስጨበጠችኝ። እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥ አላት። "ከክራንቾቹ አጠገብ የሆነ ነገር ማስቀመጥ አለብኝ" አለች። ያን ጊዜ ያቺ ሱሪ ትዝ አለችኝ። ሮጬ አመጣኋት፤ በጉን ተሸክሜ ወንዟን ተሻገርኩ። የጠበሉ ቄስ ሱሪዋን ዘርግተው አይተው "የየትኛው ሕፃን ናት?" ሲሉ እናቴ እኔን፣ ይኼን የሚያክል ሰውዬ፣ በአገጯ አሳየቻቸው። ሱሪዬ ዛሬም ከክራንቾቹ መሃል ተሰቅላ አለች።

እናቴ ወደ ቆላ ተመልሳለች። ምሽት ላይ ልክ በክኒኔ ሰዓት ስልኬ ይጮኻል።

"ማማው ላይ ነህ?"

"ነኝ፣ እማዬ።"

ውሃውን ስጎነጭ እስክትሰማ ድረስ ስልኩን አትዘጋም።