ሁለተኛ የወጣው መንገድ

ባለቤቴ ሶዶ ከተማ በዞኑ መንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር፤ እኔ ደግሞ በበዴሳ ከተማ አስተማሪ። በኢሕአዴግ ጊዜ «ግምገማ» ሲባል ስሜ ይነሳል ብሎ የማይሰጋ መምህር አልነበረም። መንገድም እንደሚገመገም የሰማሁት ከእሱ ነው።

«የስጋት ግምገማ ነው» አለኝ አንድ ቅዳሜ እኔ ጋ መጥቶ። «በክረምቱ የትኛው ይበላሻል? ቢበላሽስ ምን ያህል ሰው ይጎዳል? ሁለቱን አባዝተን ነጥብ እንሰጣለን። ነጥቡ የበዛው ይቀድማል።»

የዚያ ዓመት በጀት ለአንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚበቃው። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያውን ልጄን ምጥ ላይ አጥቻለሁ፤ ሐኪሙም ከሶዶ ሆስፒታል ውጭ እንዳትወልጂ ብሎኛል።

«የእኛስ?» አልኩት።

«ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው ከሁምቦ ቆላ የሚመጣው ነው።»

የሁምቦውን አውቀዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና አስፋልት ነው። የእኛው ግን ጎርፉ በመንገዱ ሥር የሚያልፍበት ቱቦ ጋ ሲደረስ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም እኩል የሚጸልይበት ነበር። ባለቤቴ ግን የሁምቦው በስንጥቁ ውሃ ገብቶ መሠረቱን እያላላው ነው፤ ያ ከተደረመሰ ከቆላ በሽተኛ የሚመጣበት ሌላ መንገድ የለም፤ በእናንተ በኩል ግን ተዙሮም ይገባል አለኝ።

«ለሚስቱ አዳላ ብለው እንዳይገመግሙህ ፈርተህ ነው አይደል?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲነካ ሆዴን እይዛለሁ። ቀደም ብዬ ሶዶ እንዳልገባ፣ ትምህርት ቤቱ ፈተና ሳያልቅ አንለቅሽም አለ።

ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ፤ ሲዘንብ ያደረ ዕለት፣ ጠዋት። ጎረቤቶቼ ሚኒባስ ለምነው ጫኑኝ። ቱቦው ጋ ስንደርስ መንገዱ የለም፣ ውሃ ወስዶታል። ሾፌሩ አዙሮ በሌላው በኩል ገባ። ያ መንገድ ሲያንገጫግጨኝ ይህም ልጄ ሄደ ብዬ ባሌን ረገምኩት፤ መሐንዲስነቱንም ነጥቡንም። ፊቱን ሳየው የምለውን ሁሉ እዚያው አዘጋጀሁ።

ሶዶ ሆስፒታል ደረስን፤ ልጄ በሕይወት ተወለደች። አጠገቤ ባለው አልጋ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት፣ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። ከየት እንደመጣች በወላይትኛ ጠየቅኋት።

«ከሁምቦ» አለች። «ደም እየፈሰሰኝ ነው ያደረሱኝ። ትንሽ ብትቆዪ አበቃልሽ ነበር አሉኝ። ደግነቱ መንገዱን ሠርተውታል።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። ንዴቴን ቀማችኝ። በሕመምና በፍርሃት ያጠራቀምኩት ነበር፤ የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር።

ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ቱቦው መወሰዱን ሰምቶ በእግሩ ሊፈልገኝ ወጥቶ ነበር። እኔንም ሕፃኗንም ቀና ብሎ ማየት ፈራ።

«ና፣ ልጅህን ያዝ» አልኩት።

ያዛት። «ባጣኋችሁስ ኖሮ?» አለኝ።

አጠገባችን ያለውን አልጋ በዓይኔ አሳየሁት።

«ከሁምቦ ናት» አልኩት።